የሚዛን ነፋስ በሁለት ጣሳ

ሰኞ፣ የካቲት 3 ቀን 1978፣ ሚዛን ተፈሪ

ሣራ አላወቀችኝም። አጠገቧ ቆሜ ስሟን ስጠራ ቀና ብላ አየችኝና "ወረፋ ያዢ እህቴ፣ ሁሉም ይደርሰዋል" አለችኝ። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጥነው። "ሂሩት ነኝ፣ የድሬሰር ተክሉ ልጅ" ስላት የመርፌዎቹን ሳህን አስቀመጠች፣ እጇን በጋዋኗ ጠረገች፣ ከዚያ አቀፈችኝ። ወረፋ የያዙት እናቶች ሳቁብን። ቶሎ አልለቀቀችኝም።

አሁን የክሊኒኩ ኃላፊ እሷ ናት። አባቴ የሠራበት ክሊኒክ። ከሚዛን ወጣ ብሎ፣ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ጉብታው ጫፍ።

የመጣሁት ለነፋስ ነው። መሥሪያ ቤቴ እዚህ የነፋስ ጄነሬተር ሊተክል አስቧል። ጄነሬተሩ ባትሪ ይሞላል፣ ባትሪው የክትባት ፍሪጅ ያሠራል። እኔ መመለስ ያለብኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ ፍሪጁን ያቀዘቅዛል ወይ? አለቃዬ የዓመቱን አማካይ አስልቶ "ይበቃል" ብሏል። እኔን ግን አማካይ ብቻውን አላረካኝም፤ ይህንኑ ስነግረው "እዚያው አይደል ያደግሽው፤ ሂጂና አይተሽ ነይ" ብሎ ፈረመልኝ። ደስ ያለኝ ለሥራው ይሁን ለሚዛን አላውቅም።

ክፍሉ ያው ነው። ጠባብ መስኮት፣ የሚንቋቋ ወለል። አባዬ የሰው አካል ሥዕል የሰቀለበት ቦታ ላይ አሁን የአብዮቱ ጢማም ሦስት ሰዎች ተሰቅለዋል። የላምባ ፍሪጁ ጥጉን ይዞ ቆሟል። አባዬ በሆዱ ተኝቶ ሥሩን እያየ ክሩን ሲያስተካክል ትዝ አለኝ። እሳቱ ሰማያዊ መሆን አለበት ይል ነበር፤ ቢጫ ከሆነ ይጨሳል፣ አያቀዘቅዝም። እኔና ሣራም አጠገቡ በሆዳችን ተኝተን እናያለን። እሳቱ መድኃኒት እየጠበቀ መሆኑን አናውቅም፤ ለኛ ፍሪጅ ሥር ያለች ትንሽ ሰማይ ነበረች።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ጠዋት ጓድ ደረጀን አገኘሁት። ሥራውን የሚያስፈጽመው ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው። ካኪው የተተኮሰ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ሰው ሲያናግር ዓይን ዓይን የሚያይ። ሻይ አዘዘልኝና ነገሩን ዘረጋው። የነፋሱ ጄነሬተር እንደሚበቃ እኔ ካረጋገጥኩ የላምባው ፍሪጅ ወደ ቱም ይሄዳል። የቱም ክሊኒክ ፍሪጅ ኖሮት አያውቅም። እናቶች ለአንድ ክትባት ልጅ አዝለው ሩቅ አገር ይጓዛሉ፤ የሚበዙት ግን ጨርሶ አይሄዱም።

"የቱሙ ጤና ረዳት ቅዳሜ በጭነት መኪና ይመጣሉ" አለኝ። "ባዶ እጃቸውን እንዳይመለሱ ከዚያ በፊት ቃልዎን እፈልጋለሁ።"

ወደ ክሊኒኩ ስወጣ ሣራ ንባቦቹን አውጥታ ጠበቀችኝ። ባለፈው ዓመት ግቢው ውስጥ ረጅም ምሰሶ ቆሞ ጫፉ ላይ የነፋስ መለኪያ ተሰቅሏል፤ ሲኒ የሚመስሉ ነገሮች ይዞ የሚሽከረከር። ሣራ በየቀኑ እያነበበች ጽፋለች። እጅ ጽሑፏ አሁንም ወደ ግራ ያጋድላል። የየቀኑን ነፋስ በቁራጭ ወረቀት መገልበጥ ጀመርን። ከሰዓቱን ሙሉ እንደ ድሮው ጎን ለጎን ተቀምጠን እሷ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ።

"ሒሳብ ታስኮርጂኝ የነበረው ትዝ ይልሻል?" አለችኝ።

እኔ ደግሞ እሷ የቤንች ቃል ስታስተምረኝ፣ በተሳሳትኩ ቁጥር መሬት ላይ ተንከባላ ስትስቅ ነው ትዝ የሚለኝ። የትምህርት ቤታችን ደወል ዛፍ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነበር። አውሮፕላን ሲያንዣብብ አስተማሪው ራሱ ከክፍል ያስወጣናል፤ ማረፊያው ሜዳ ላይ የሚግጡትን ከብቶች የምናባርረው እኛ ነበርን። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ቀሚሳችንን በሁለት እጃችን እንይዛለን። ያን ጊዜ ነፋስ ማለት ለኔ ከአውሮፕላን የሚመጣ ነገር ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ተሳካ።

አዲስ አበባ ያለው ኮምፒውተር ወረፋው ለኔ አይደርስም፤ ስለዚህ በእጄ ነው የምሠራው። ዘዴው ቀላል ነው። ወረቀቶቹን ሁሉ አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ጨመርኩ። እነቀንቃለሁ፣ አንድ አወጣለሁ። የወጣው የመጀመሪያው ቀን ነፋስ ይሆናል። በዚያ ነፋስ ባትሪው ምን ያህል እንደሚሞላ አሰላለሁ፣ ፍሪጁ የሚበላውን እቀንሳለሁ። ወረቀቱን እመልሳለሁ፣ እነቀንቃለሁ፣ የሚቀጥለውን ቀን አወጣለሁ። እንዲህ እየተባለ ገና ያልመጣ ዓመት ጠረጴዛ ላይ ይኖራል። ነፋስ ከጠፋ ባትሪው የሚችለው ሁለት ቀን ያህል ነው። ከዚያ ካለፈ ፍሪጁ ይሞቃል፣ ክትባቱ ይበላሻል።

ፀጥ ያለ ቀን ይወጣል፣ ከሱ ቀጥሎ ነፋስ ይወጣል፣ ባትሪው ይሞላል። ደጋግሜ ሞከርኩት። ፍሪጁ አልሞቀም ማለት ይቻላል።

ወደ ጓድ ደረጀ ሮጥኩ። "ይበቃል" አልኩት። ደስታው ፊቱ ላይ ታየ። እኔ እዚያው ቆሜ እያለሁ ለአውራጃው በሬዲዮ አስነገረ፤ የነፋስ ኃይል ክሊኒኩን እንደሚችል ባለሙያዋ አረጋግጣለች፣ ፍሪጁ ለቱም ይሰጣል።

ባለሙያዋ። አባዬ ቢሰማ ምን ይል ነበር? ኮፍያውን አውልቆ መልሶ ያደርገው ነበር። ደስ ሲለው የሚያደርገው እሱን ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ዛሬ ሥራ የለኝም ብዬ ወደ አማን ወረድኩ። ቤታችንን ለማየት።

የቀበሌ ቤት ሆኗል። ሁለት ቤተሰብ ይኖርበታል። በሩ ላይ ቆሜ ሳመነታ አንዲት ሴት ልጅ ታቅፋ ወጣችና "ሰው ፈልገሽ ነው?" አለች። ድሮ እዚህ እኖር ነበር ስላት ምንም ሳትጠይቀኝ በሩን ከፈተችልኝ። ሳሎናችን በመጋረጃ ተከፍሏል። ግድግዳው ላይ እናቴ ቁመቴን በከሰል የምታሰምርበት ቦታ በኖራ ተሸፍኗል። በኋለኛው በር ያለው የኮረሪማ ቁጥቋጦ ግን አለ። ቅጠሉን በጣቴ አሽቼ አሸተትኩት። ሴትየዋ ዞር ብላ ተወችኝ፤ አመሰገንኳት።

ከዚያ የሣራ እናት ዘንድ ሄድኩ። አርጅተዋል። አማርኛቸው ድሮም ጥቂት ነበር፣ አሁን ይበልጥ አጥሯል፤ ግን ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። የተቀቀለ ጎደሬ በማር አቀረቡልኝ። ስለ እናቴ ነው የሚያወሩት። "እናትሽ ልብስ ታጥባለች። አይደርቅም። እናትሽ ታለቅሳለች" አሉና እንደ ማልቀስ አድርገው አሳዩኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

እውነታቸውን ነው። እናቴ የደብረ ብርሃን ሰው ናት፤ ልብስ ካጠቡት በነፋስ ይደርቃል ብላ ነው ያደገችው። እዚህ ክረምት ሲገባ ጉሙ ከተማው ላይ ይቀመጣል። የእንሰቱ ቅጠል አይነቃነቅም። አንድ ቀን አይደለም፤ ሲቀመጥ ይቀመጣል። የታናሽ ወንድሜን ጨርቅ በከሰል ካውያ ነበር የምታደርቀው። ቤቱ ሁሉ የእርጥብ ጥጥና የከሰል ሽታ ይሸታል። እኔ ያንን ሽታ እወደው ነበር። መስኮት ላይ ሆኜ ጉሙን እያየሁ ነገም እንዲህ ይሆናል ብዬ አውቃለሁ፤ ብዙ ጊዜም እንደዚያው ይሆናል።

ዳገቱን እየወጣሁ መሐል መንገድ ላይ ቆምኩ።

ነገም እንዲህ ይሆናል። የኔ ጣሳ ግን ይህን አያውቅም። አንዱን ቀን ካወጣ በኋላ ይረሳዋል። ፀጥ ያለ ቀን ሲወጣ ቀጥሎ የሚመጣውን ከዓመቱ ሙሉ ቀናት ጋር ቀላቅሎ ያመጣዋል፤ የጥርን ነፋስ ከሐምሌ ጉም አጠገብ ያስቀምጣል። እዚህ አገር ፀጥ ያሉ ቀናት ለየብቻቸው አይመጡም። ተያይዘው ነው የሚመጡት።

ለአውራጃው ተነግሯል።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ጠዋቱን ሙሉ እንደገና ሠራሁ። አሁን ጣሳው ሁለት ነው። በአንደኛው ውስጥ ከነፋሻ ቀን ማግስት የዋሉ ቀናት፣ በሁለተኛው ከፀጥተኛ ቀን ማግስት የዋሉ ቀናት። ትናንት ነፋስ ከነበረ ከመጀመሪያው ጣሳ አወጣለሁ፤ ፀጥታ ከነበረ ከሁለተኛው። ወረቀቶቹ ያው ናቸው። አማካዩም ያው ነው። አንድም ቀን አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ፍሪጁ ሞቀ። ደግሜ ሞከርኩ፣ ደግሞ ሞቀ። ሁለተኛው ጣሳ ውስጥ አንዴ ከገቡ መውጣት ይከብዳል።

ለሣራ አሳየኋት። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላበጠች። ክትባት ሲሞቅ መልኩ አይለወጥም፤ የሞተውንም ያልሞተውንም ለይቶ የሚያውቅ የለም። ሣራ መርፌውን ወጋሁ ትላለች፣ እናትየዋ ልጄ ተከተበ ትላለች፣ ኩፍኝ ሲመጣ ግን ልጁ እንዳልተከተበ ነው።

"ማርታ ትዝ ትልሻለች?" አለችኝ ሣራ።

እንዴት ትዝ አትለኝም? ታናሽ እህቷ ነበረች። በየተራ እናዝላት ነበር። አራተኛ ክፍል እያለን ኩፍኝ ወሰዳት። ያን ጊዜ እዚህ ለኩፍኝ ክትባት የሚባል አልነበረም። አባዬ ከነሣራ ቤት ወጥቶ ደረጃው ላይ ሲቀመጥ አይቼዋለሁ። አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ፤ እጁን ጭንቅላቴ ላይ አደረገ።

ፍሪጁ እዚህ ይቅር ብል የቱም ልጆችስ? ይሂድ ብል የዚህ ልጆችስ? ለዚህ ምንም ዓይነት ጣሳ የለኝም። ደግሞም ፈርቻለሁ። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንድ ባልደረባችን ያቀረበውን ሪፖርት መልሶ አፍርሶ ሥራ አሰናከለ ተብሎ ታግዷል። እስካሁን አልተመለሰም።

"ዝም ብዬ ብሄድስ?" አልኳት ሣራን።

"ብትሄጂ እኔ አልሄድም" አለች። "ክረምቱን እዚህ የምቆመው እኔ ነኝ። ነገ ንገሪው፤ አብሬሽ እገባለሁ።"

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

እንዳይረሳኝ አሁኑኑ ልጻፈው።

ስብሰባው ላይ ጓድ ደረጀ፣ ሁለት የኮሚቴ አባላት፣ ሣራና እኔ ነበርን። የቱሙ ጤና ረዳት አቶ ታደሰም ደርሰዋል። ሽበታም ሰው ናቸው፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጥግ ተቀምጠዋል። ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው አቧራ ነው።

ተናገርኩ። ጓድ ደረጀ እስክጨርስ ጠበቀ።

"ረቡዕ ይሆናል አሉ። ዛሬ አይሆንም ይላሉ። የትኛዋን ሂሩት ልመን?"

"የዛሬዋን። የረቡዕዋ ቀኖቹ እንደማይተዋወቁ አድርጋ ነው ያሰላችው።"

"እኔ ለአውራጃው ተናግሬያለሁ። በርስዎ ቃል።"

"አውቃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው ብለው ይጻፉ።"

ጣሳዎቹን ፊቱ አስቀመጥኩና እሱ ራሱ እንዲያወጣ ጠየቅኩት። መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር የያዘው። ነፋስ፣ ነፋስ፣ ፀጥታ። "አሁን ከሁለተኛው" አልኩት። ፀጥታ። አንደኛው አባል ሳቀ። ጓድ ደረጀ እጁን አስገባ፤ ፀጥታ። ሣራ ቀስ ብላ "ፍሪጁ ሞቋል" አለች። የሳቀው ሰውዬ ሳቁን አቆመ። ጓድ ደረጀ ግን አላቆመም። ክፍሉ ውስጥ የወረቀት ኮሽታ ብቻ እስኪሰማ ድረስ ማውጣቱን ቀጠለ። ነፋስ የሚል ሲያገኝ ትከሻው ወረደ።

አቶ ታደሰ ያን ጊዜ ነው የተናገሩት። "ፍሪጁን ሳልይዝ ብመለስ ከማንም ጋር አልጣላም። ግን መኪናው ሲነሳ እናቶቹ አይተውኛል። ምን ይዤ እንደምመጣ ነግሬያቸዋለሁ።"

ማንም ሰው አላየኝም፤ እኔ ግን መሬቱን አየሁ።

ከዚያ ሣራ ተነሳች። ትምህርት ቤት እያለን ለመናገር ስትነሳ ዴስኩን እንደምትይዘው ጠረጴዛውን ያዘች። "ፍሪጁ ይሂድ" አለች። "ነፋሱ የሚጠፋው ዓመቱን ሙሉ አይደለም። አንድ ቀን ፀጥ ካለ እንጠብቃለን። ሁለተኛውም ቀን ፀጥ ካለ፣ ባትሪው ሳያልቅ፣ ክትባቱን በበረዶ ሳጥን አድርጌ ሚዛን ወዳለው ትልቁ ጤና ጣቢያ አወርደዋለሁ። እዚያ የመብራት ሞተር አለ። ነፋሱ ሲመለስ እመልሰዋለሁ።"

"በክረምት?" አለ ጓድ ደረጀ። "መኪና የማያልፍበትን መንገድ?"

"በእግሬ ነዋ። ድሬሰር ተክሉ በእግሩ አይደል ሲመላለስ የኖረው?"

ይህን ስትል ወደኔ አልዞረችም። እኔም ወደሷ አልዞርኩም፤ ብዞር አለቅስ ነበር።

ያለችውን በጣሳዎቹ ሞከርነው። ሁለተኛው ፀጥተኛ ቀን በወጣ ቁጥር "ወረደ" እንላለን፤ ክትባቱ ሚዛን ነው። ባትሪው ሲያልቅ ፍሪጁ ውስጥ ምንም የለም። ይሠራል። አልፎ አልፎ ሣራ ብዙ ጊዜ መውረድና መውጣት አለባት፤ እሱንም ደብቄ አላለፍኩም። ጭቃውን፣ ወንዙ የሚሞላበትን ቀን ጣሳው እንደማያውቅም ተናገርኩ።

ጓድ ደረጀ ለጥቂት ጊዜ እስክሪብቶውን አገላበጠ። "በበቅሎ ይሁን" አለ በመጨረሻ። "የመንግሥት ቡና እርሻው በቅሎ አለ። ለአውራጃውም እኔ አስረዳለሁ።" ሲወጣ ጣሳዎቹን ለክሊኒኩ እንድተዋቸው ጠየቀኝ። በየወሩ መጥቶ ሊያወጣ ነው መሰለኝ።

እሑድ፣ የካቲት 9

ሌሊት ዘንቦ ነበር፤ የዓመቱ የመጀመሪያው ዝናብ ከመምጣቴ በፊት ጥሏል ይላሉ። ጠዋት ስንነሳ የመንገዱ ዳር ቡና ሁሉ ነጭ ለብሷል። ይህን የቡና አበባ ሽታ አዲስ አበባ እያለሁ ላስታውሰው ሞክሬ አቅቶኝ ነበር። ላስታውሰው የማልችለው ለካ ከእርጥብ አፈር ሽታ ጋር ስለሚመጣ ነው። ልጆች ሆነን አበባውን ፀጉራችን ላይ እንሰካ ነበር፤ አባዬ ይቆጣል። አንዱ አበባ አንድ ፍሬ ነው፣ የሰው እንጀራ ነው ይለናል።

የነሣራ ጸሎት ቤት በሩ በመንግሥት ታሽጓል። ከጎረቤት ቤት ግን ዝግ ያለ ዝማሬ ይሰማል። ሣራ ወደዚያው ሄዳ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፣ ፊቷ ግን በርቷል። አልጠየቅኳትም።

ፍሪጁን ባዶ አድርገን ክትባቱን ሚዛን አወረድን፤ ጄነሬተሩ እስኪተከል እዚያ ይቆያል። ከዚያ ፍሪጁን አጽድተን ለአቶ ታደሰ አስረከብን። አራት ሰው ተሸክሞ መኪናው ላይ ሲጭነው አቶ ታደሰ "ቀስ፣ ቀስ" እያሉ ይዞራሉ፤ የታመመ ሰው የሚያስጭኑ ነው የሚመስሉት። ከመጫኑ በፊት እሳቱን እንዴት እንደሚያስተካክሉ እኔ አሳይቻቸው ነበር። በሆዴ ተኝቼ። አብረውኝ ተኙ። ተነስተው ልብሳቸውን ሲያራግፉ "ማን አስተማረሽ ልጄ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። አባዬን ያውቁታል። አንድ ጊዜ ለሥልጠና ጅማ አብረው ነበሩ፤ ሌሊት ያንኮራፋ ነበር አሉኝ። እንዴት እንደሳቅኩ። ከሞተ ወዲህ ስለሱ አዲስ ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር።

መኪናው ቁልቁል ሲወርድ ጥጉ ባዶ ሆኖ ቀረ። ወለሉ ላይ አራት ማዕዘን ምልክት አለ። ሣራ መጥረጊያ አምጥታ ጠረገችው።

ሰኞ፣ የካቲት 10

አውቶቡሱ እስኪሞላ እየጠበቅኩ ነው የምጽፈው።

ሣራ ልትሸኘኝ መጣች። በእጇ ኮረሪማ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ይዛለች። ስለ ሥራ አወራን፤ ጄነሬተሩ መቼ እንደሚመጣ፣ ለባትሪው የሚሆን ክፍል፣ የበቅሎዋ ኮርቻ። ስለ ሌላው ነገር ማውራት ስላቃተን ነው።

"ሐምሌ ላይ ጉሙ ሲቀመጥ አስቢኝ" አለች።

አለቃዬ ሪፖርቱን ሲያይ ምን እንደሚል አላውቅም። ያሰላው አማካይ ትክክል ነው፤ እሱን አልካድኩም። ከሱ በኋላ የጻፍኳቸው ገጾች ግን ብዙ ናቸው፣ ያስቆጡት ይሆናል። ጓድ ደረጀ ለአውራጃው ምን እንዳለም አልነገረኝም። ዛሬ ጠዋት ሰላም ሲለኝ ግን እጄን በሁለት እጁ ነው የጨበጠው። ጄነሬተሩ ሲተከልስ ልክ ይሆናል? ባትሪዎቹ ያረጁ ቢመጡስ? ሣራ ብትታመምስ?

ሾፌሩ ጡሩንባውን ነፋ። ሣራ በመስኮቱ በኩል እጇን ሰጠችኝ፤ መርፌ በመቀቀል ብዛት ጣቶቿ ደርቀዋል። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ አብራኝ ጥቂት ተራመደች።

"ክረምት እመጣለሁ" አልኳት። "ሳጥኑን አብሬሽ እሸከማለሁ።"

ፈቃድ ይሰጡኝ አይሰጡኝ አላውቅም። ልጆቼን ለማን እንደምተዋቸው፣ ባለቤቴ ምን እንደሚል አላሰብኩም። ሳላሰላ ነው ያልኩት። ግን ብያለሁ፤ እሷም ሰምታለች።